ቅቤ የጠጣ እንጨት

ሶዶ ላይ "ሐኪም ነኝ" ያለ ሰው ወረቀት ይጠየቃል። "እንጨት አውቃለሁ" ያለን ግን ማንም አይጠይቀውም፤ ጠያቂውም ያውቃላ! ቤት የሠራ ሁሉ የእንጨት ሊቅ ነው። ቤት ያልሠራው አልጋ አሠርቷል። አልጋ ያላሠራው ደግሞ ሌላው ሲያሠራ ቆሞ እያየ ሐሳብ ሰጥቷል፤ እንዲያውም ደፋሩ እሱ ነው። ባህር ዛፍ መቼ እንደሚጣመም፣ ግራቪሊያ ሲላግ ምን መልክ እንደሚያወጣ፣ ምስጥ ዋንዛን ለምን እንደማይደፍር የሚተነትን ሰው ለማግኘት አንድ ስኒ ቡና ማዘዝ ይበቃል። ከወላይታ ድቻ ተከላካዮች ቀጥሎ ይህን ከተማ የሚያከራክረው እንጨት ይመስለኛል።

በእንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ነው እንግዲህ የእኅቴ ልጅ "በልኬ ጊታር ላሠራ ነው" ብሎ ያወጀው።

ልጁ የመዘምራን ጊታሪስት ነው። የሚጫወተው በውሰት ጊታር ሲሆን፣ ጊታሩ በበልግ አንድ ቅኝት፣ በበጋ ሌላ ቅኝት አለው፤ ክረምት ሲገባማ የራሱን መዝሙር ነው የሚዘምረው። ልጁ ታዲያ ማታ ማታ ስልኩ ላይ የፈረንጅ ጊታር ሠሪዎችን ሲያይ ያመሻል። አንድ ቀን መጥቶ፣

"አጎቴ፣ ፊቱ ስፕሩስ፣ ጎንና ጀርባው ሮዝውድ፣ አንገቱ ማሆጋኒ ከሆነልኝ ይበቃኛል" አለኝ።

"ይበቃኛል" ነው ያለው! የምሳ ዝርዝር የሚያነብልኝ መስሎኝ ነበር።

ስፕሩስ የብርድ አገር ዛፍ ነው፤ አልፕስ ተራሮችና ሰሜን አሜሪካ እንጂ ዳሞታ ተራራ ላይ አይገኝም። ሮዝውድማ የፓስፖርት ጣጣ ያለበት እንጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሮዝውድን ዘር ማንዘር በሙሉ በፈቃድ ብቻ ድንበር ይሻገር ብሎ ነበር። ጊታር ያዘለ ሙዚቀኛ ሁሉ ኤርፖርት ላይ እንደ ኮንትሮባንዲስት መርበትበት ጀመረ። ያለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ ከዚህ ጣጣ ነፃ የወጣው በ2019 መጨረሻ ላይ ነው። የሚገርመው፣ የሮዝውድ የሥጋ ዘመድ እኛም አገር አለ፤ ሰሜን ምዕራብ ቆላ ውስጥ የሚበቅለው ዞቢ። የአውሮፓ ክላርኔትና ኦቦ የሚሠራው ከዚህ ዛፍ ነው። ግን ዞቢ ከመተማ ተነሥቶ ሶዶ የሚደርሰው፣ መጀመሪያ ፓሪስ ሄዶ ክላርኔት ሆኖ ከተመለሰ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "እሺ፣ ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?" አለ።

የሄድነው ክራር ይሠራል፣ ጊታር ይጠግናል ወደተባለ አናጢ ዘንድ ነው። ሱቁ ያለው አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና የሬሳ ሣጥን ጎን ለጎን በሚሠራበት መደዳ ላይ ነው። ሙሽራውም ሐዘንተኛውም አንድ በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው፤ አንዳንዴ የአልጋው ዋጋ አልስማማ ያለው ደንበኛ ዓይኑ ወደ ሌላው ሣጥን ሲሄድ አናጢው ፈጠን ብሎ ይቀንስለታል ይባላል። ሰውየውን የሚያኖረው አልጋና በር ነው። ክራር የሚሠራው ሲመሽ፣ የማሽኑ ጩኸት ሲቆም ነው። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ "ቀን እንጨቱን አልሰማውም" ይላል።

"ሳሮ!" ብለን ገባን፤ "ሳሮ!" ብሎ ተቀበለን። ሰጋቱራውን ከዱካው ላይ በእጁ ጠረገልንና ተቀመጥን። ልጁ ስልኩን አውጥቶ የስፔን ጊታር አሳየው። አናጢው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ እያደረገ ብዙ አየው። ደጋግሞም አደነቀው። ከዚያ፣

"ልጄ፣ ጊታር እጠግናለሁ እንጂ አልሠራም" አለ። "አንገቱ ውስጥ ብረት አለ። እነዚህ አግዳሚ ሽቦዎች ደግሞ በሚሊሜትር የሚለኩ ናቸው፤ አንዷ ከሳተች ዕድሜዋን ሙሉ እንደሳተች ትኖራለች፤ አንተም በገባህ በወጣህ ቁጥር እኔን ትረግማለህ። ክራር ግን እሠራልሃለሁ። ክራር አግዳሚ ሽቦ የለውም። ስሕተት ከተገኘ የተጫዋቹ ነው።"

ልጁ አኮረፈ። በልኬ ጊታር አሠራለሁ ብሎ ጓደኞቹን ሁሉ ጠርቶ ነግሯል። ክራር ለእሱ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት የሚሸጠው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ የሚቀኘው ዕቃ ነው። አናጢው አልተከራከረውም። ከመደርደሪያው ላይ አንድ የሳጥን ክራር አውርዶ፣ ከጎኑ ያለችውን ቀዳዳ በጣቱ አሳየው።

"ሶኬት አለው እንዴ?" አለ ልጁ።

ኩርፊያው እዚያ ላይ አበቃ።

ለማያውቅ ልንገር፤ ክራር ማለት ገበቴ፣ ሁለት ቋሚ፣ አንድ ቀንበርና መቃኛዎች ናቸው። ገበቴው ድሮ እውነትም የማዕድ ቤት ገበቴ ነበር፤ ቆዳ ተወጥሮበት ነው ድምፅ የሚያወጣው። ዛሬ ሳጥን ይሆናል፤ ውስጡም ማይክሮፎን ይቀበርበታል። ክሩ ድሮ ጅማት ነበር፤ ዛሬ ናይለን ነው፤ የጊታር ክር ነው፤ ዓባያ ሐይቅ ላይ አሣ የሚጠመድበት ክርም ነው። በዚህች ቀላል ዕቃ ነው እነ ካሣ ተሰማና አስናቀች ወርቁ አገር ያስለቀሱት። አናጢው እንዳለው፣ ቀላል ስለሆነች ነው አስቸጋሪ የሆነችው፤ እንጨቱ ክፉ ከሆነ የሚደበቅበት ቦታ የለም።

ቤት ስንመለስ እናቴ ሰማች።

"ክራር?" አለች፤ "የዘፈን አይደለም እንዴ?"

በአገራችን በገና የዳዊት፣ ክራር የዘፋኝ ነው የሚለው ክፍፍል የቆየ ነው። እናቴ ግን ጊታርም ወደ መዘምራኑ ሲገባ አኩርፋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ዛሬ ያለ ጊታር ዝማሬ የቀዘቀዘ ይመስላታል። ስለዚህ ብዙም አልሰጋሁም። ልጁ፣ "እማዬ፣ እንጨት ሃይማኖት የለውም" አላት። "የሚነካው ሰው ግን አለው" ብላ ዘጋችው።

ምክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አንድ አንድ ዛፍ ይዞ ይመጣል። አንዱ ባህር ዛፍ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ሞልቷል። ሌላው ጥድ ይሻላል፤ ሽታው ራሱ ይባርካል አለ። አንድ መምህር ደግሞ ማንጎ ብሎ ሁሉንም አሳቀ። መሳቃችን አለማወቃችን ነው እንጂ፣ ሃዋይ ውስጥ ዩኩሌሌ የምትባለውን ትንሿን ጊታር ከማንጎ እንጨት ይሠራሉ፤ መልኳም ያምራል። ጉዳዩን ለአናጢው አቀረብንለት። "ሊሆን ይችላል" አለ፤ "ግን ወላይታ ውስጥ ፍሬ የሚሰጥ ማንጎ ለክራር ብሎ የሚቆርጥ ሰው ካገኛችሁ እኔ ክራሩን በነፃ እሠራለሁ።" እስካሁን በነፃ አልሠራም።

እንጨት የሚመረጥበትን መንገድ ያየሁት በዚያው ሰሞን ነው። አናጢው ጣውላውን ከጫፉ ሩብ ያህል ገባ ብሎ በሁለት ጣት ያንጠለጥለዋል። መሐሉን ወይም ጫፉን ከያዙት ይታፈናል፤ መያዝ ያለበት ቦታ አለ። ከዚያ በሌላው እጁ የጣቱን አንጓ አጥፎ መሐል ላይ ቀስ እያደረገ ያንኳኳዋል፤ ጆሮውንም ያስጠጋል። እርጥብ ባህር ዛፍ "ዷ" ይልና ዝም ይላል። ግራቪሊያ ትንሽ ያጉረመርማል። ቺፑድ ምንም አይልም፤ ኤምዲኤፍ ደግሞ ምንም እንዳላለ እንኳ አይሰማውም። በመጨረሻ አንድ ቀጭን የዝግባ ቁራጭ አነሣ፤ ሲያንኳኳው ድምፁ ጣቱ ከተነሣ በኋላም ትንሽ ቆየ። ልጁ እጁን ዘረጋ። አናጢው ግን ቁራጩን መልሶ አስቀመጠው።

"ይኼ ትንሽ ነው፤ ሙሉው የለኝም" አለ። "ዝግባ እንደ ድሮው አይገኝም።"

እውነቱን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ሲወጣ የቀረው እንኳ ጥቂት ነበር። ገበሬው ጓሮ እንሰቱና ቡናው መሐል ያለ ዋንዛ አለ፤ እሱም በጥላነቱ የተከበረ ስለሆነ፣ ልጅ ካልተዳረ ወይም ሰው ካልሞተ በስተቀር መጥረቢያ አይነካውም። ወደ ሁምቦ ቢኬድ ደግሞ ዛፉ ጭራሽ ባለ ደሞዝ ሆኗል። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ የተጨፈጨፈው ዛፍ ከገዛ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ የሚስበው ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ተሸጧል። ዛፉ ቆሞ ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ "ለክራር ብለህ ውደቅ" የሚለው ማን ነው? እኔ እንኳ አልደፍርም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ጥሩ እንጨት ተገኘ ሲባል መጀመሪያ በር ይሆናል፤ ከበር የተረፈው አልጋ፣ ከአልጋ የተረፈው ሶፋ፣ ከሶፋ የተረፈው የሬሳ ሣጥን። ለሙዚቃ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተራረፈው ነው። ዛሬ እንግዳ ቤታችን ውስጥ በር የሚያህል ቴሌቪዥን የተሸከመው ቡፌ የተሠራበት ዋንዛ ስንት ክራር፣ ስንት ከበሮ ይወጣው እንደነበር ሳስበው፣ ዜናውን አቋርጬ እንጨቱን ላንኳኳ ይቃጣኛል። አንድ ጊዜ የአማቼን ቡፌ አንኳክቼ፣ "ምን ሆነሃል?" ተብያለሁ።

አናጢው ግን አይናደድም። የእሱ ዘዴ የሌላውን ትራፊ መጠበቅ ነው። በሙያው የቆየ ሕግ አለ፤ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ሥር ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ክራር የሚያሠራ ደንበኛ ደግሞ አንድ ሳምንት አይታገሥም። ስለዚህ ጊዜውን ሌላ ሰው ጠብቆ የጨረሰውን እንጨት ይፈልጋል፤ የፈረሰ ጎጆ ምሰሶ፣ የድሮ በር፣ የአያት አልጋ። "እናንተም ቤታችሁን እዩ" ብሎ ሰደደን።

ቤታችንን አየን። ዓይናችን ገበቴው ላይ አረፈ።

የእናቴ ገበቴ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ስንት ዓመት ቆጮ እንደተቦካበት፣ ስንት የጊፋታ በዓል ቅቤ እንደቀለጠበት እሷ ራሷ አታውቅም። ጠርዙ ከእጅ ብዛት ለስልሶ ያበራል። ልጁ በዓይኑ እየለካው ነበር፤ ቆዳው የት እንደሚወጠር፣ ቋሚዎቹ የት እንደሚገቡ ይታየኛል። እናቴም ታያለች።

"እንዳታስበው" አለች።

ልጁ ልመና ጀመረ። አያቶቹ ሁሉ ክራር የሠሩት ከገበቴ መሆኑን ነገራት። ስሟ ይጠራበታል አላት። መጀመሪያ የሚጫወትበት መዝሙር የእሷ ምርጫ እንደሚሆን ማለላት። እናቴ ቆጮው በምን ይቦካል ብላ ጠየቀች። ፕላስቲክ እገዛልሻለሁ ሲል ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን፣ ማን እንደመከራት እንጃ፣ ገበቴውን በነጠላ ጠቅልላ፣ "ውሰደው፤ ለእግዚአብሔር ነው" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ባጃጅ ውስጥ ገበቴውን ጭኔ ላይ ይዤ ስሄድ ሕፃን የሰረቅሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

አናጢው ነጠላውን ገለጠ። አንኳኳ። አዙሮ አንኳኳ። ጥፍሩን ጠርዙ ላይ አሽቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ፈገግ አለ።

"ይኼ እንጨት አይደለም" አለ፤ "ይኼ ምግብ ነው።"

"እንዴት?" አለ ልጁ።

"ቅቤ ጠጥቷል። ቅቤ የጠጣ እንጨት ጠግቧል፤ የጠገበ አይናገርም። ኮላም አይዝም፤ ቫርኒሽም አይቀበልም። ቆዳ ብትወጥርበት ደግሞ ውሻ ሁሉ ይከተልሃል። መልሱላት።"

መለስንላት። ደስ ይላታል ብለን ነበር። እናቴ ገበቴውን ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ "ምን ጎድሎት ነው?" አለች። ስለ ቅቤው አስረዳናት። "የእኔ ገበቴ ለክራር አነሰ ነው የምትሉኝ?" አለች። እስከ ዛሬ ያን አናጢ ባየችው ቁጥር አንገቷን ታዞራለች፤ ለጎረቤቶቿም እንጨት የማያውቅ ሰው መሆኑን አስረድታለች፤ እነሱም ተስማምተዋል።

ልጁ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ሁለት ታሪክ ነገርኩት። የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 አንድ ጊታር ሠራ፤ ፊቱ ስፕሩስ፣ ጎኑና ጀርባው ግን ካርቶን። ድምፁን የሚያመጣው የፊቱ ሳንቃና የሠሪው እጅ ነው እንጂ የውድ እንጨት ጀርባ አይደለም ለማለት ነው። ጊታሩ አሁንም ባርሴሎና ሙዚየም ውስጥ አለ። በ1995 ደግሞ አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ቦብ ቴይለር የተጣለ የዕቃ መጫኛ ፓሌት አንሥቶ፣ እሱን ሰንጥቆ ጊታር አደረገው፤ ያዩት ሁሉ ጉድ አሉ፤ ፓሌት መሆኑ እንዲታወቅለትም የፎርክሊፍት ምስል አስጌጠበት። በእኔ ሐሳብ ልጁ ይጽናናል። እሱ ግን፣ "ታዲያ ለምንድነው እንጨት የምንመርጠው?" አለኝ። ይህን ጥያቄ ለአናጢው አሳለፍኩት።

"ቴይለር የምትሉት ሰው ፓሌቱን ከማንሣቱ በፊት አንኳኩቶታል" አለ አናጢው። "አላንኳኳም ብትሉኝ አላምንም።" ይህን ካለ በኋላ መሰላል አምጥቶ ወደ ጣሪያው ወጣ።

ከጣሪያው ሥር፣ የቡና ጭስ በሚያገኘው በኩል፣ በጆንያ የተሸፈነ ሳንቃ ነበር። ሲያወርደው አቧራው ሁላችንንም አስነጠሰን። ዋንዛ ነው፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ጉጥ ያለበት። በመላጊያ አንድ ጊዜ ገፋ ሲያደርገው ፍቅፋቂው ወረቀት መስሎ ተጠቀለለና ከሥሩ ማር የመሰለው መልኩ ወጣ። በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። ልጁን፣ "አንተ አንኳኳ" አለው።

ልጁ አንኳኳ። ከመደዳው ላይ የአልጋ ሚስማር የሚመታው ጎረምሳ እንኳ መዶሻውን ይዞ ዞረ።

"የማን ነው?" አልኩት።

እዚህ ላይ አናጢው ትንሽ ተሳቀቀ። ሳንቃው የተገዛው ለሬሳ ሣጥን ነው። አንድ የታወቁ ሽማግሌ ከዓመታት በፊት ታመው፣ ቀኔ ደርሷል ብለው፣ ልጆቻቸው በባህር ዛፍ እንዳይቀብሯቸው ሰግተው፣ ሳንቃውን ራሳቸው መርጠው፣ ቀብድ ከፍለው አስቀመጡ። ከዚያ ዳኑ። ድነው መጥተው ቀብዳቸውን አስመለሱ። ሳንቃው ግን ቢፈለግ ብሎ አናጢው አልሸጠውም፤ ሽማግሌው ደግሞ በያመቱ ለጊፋታ ሲያልፉ ጎራ ብለው ደህንነቱን ይጠይቃሉ።

"እና ሳይፈቅዱልን?" አለ ልጁ።

ተላከባቸው። መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ሳንቃውን ዞረው አዩት፤ ጉጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ "ይቺን ያኔም አልወደድኳትም" አሉ። ክራር ሊሆን መሆኑ ሲነገራቸው ብዙ አሰቡ። ቀብዱን ማስመለሳቸውን አናጢው በጨዋ ደንብ ቢያስታውሳቸውም፣ ገንዘብ ተመለሰ ማለት ሳንቃ ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት በሐሳብ ሲተኙበት እንደኖሩ፣ ይህም ዋጋ እንዳለው አስረዱን። ድርድሩ ሁለት ዙር ቡና ፈጀ። መጨረሻ ላይ ሦስት ነገር ጠየቁ፤ ከሳንቃው ትራፊ አንድ ዱካ እንዲሠራላቸው፣ ሬሳ ሣጥን ነበር እንዳይባልባቸው፣ ክራሩም ሲያልቅ ቤታቸው መጥቶ እንዲሰማ። ልጁ ሦስቱንም እሺ አለ። ሁለተኛውን እኔ አሁን አፈረስኩት፤ ስማቸውን ግን አልጠራሁም።

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ሳንቃው ላይ ማስመር ጀመረ። የሳጥኑ ፊት ከሰፊው ወገን፣ ቋሚዎቹ ቀጥ ካለው ጠርዝ። መቃኛዎቹ ከወይራ ይሆናሉ፤ ዋንዛ ለእነሱ ለስላሳ ነው፤ ክር ሲከር ይፈታል። ከሳጥኑ ሌላ ባለ ቆዳ ክራር ለራሱ ከቁራጩ ሊያወጣ እንዳሰበም አየሁ፤ ዝም አልኩ፤ የሙያ ነገር ነው። ለዚያኛው ቆዳው እስከ ጊፋታ ይጠብቃል። ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ነው የሚከበረው፤ ወንዱ ለሰንጋ፣ ሴቱ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅም የቆየው ያን ሰሞን ይወጣል። ከተማው ሥጋውን በዳጣ ሲበላ፣ ቆዳው ግን የትም ተጥሎ ነው የሚገኘው።

ሽማግሌው አልሄዱም። ዱካቸው ከየትኛው በኩል እንደሚወጣ እስኪያረጋግጡ ተቀምጠዋል። ልጁ ደግሞ ሶኬቷ ከግራ ትሁን ከቀኝ አልወስን ብሎ፣ አየር ላይ ክራር ይዞ እየተጫወተ ይለካል።

"ሶኬት የምትለው ምንድነው?" አሉት ሽማግሌው።

"የመብራት ነው አባባ። ድምፁ ትልቅ እንዲሆን።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

ልጁ ስለ ባትሪ ማስረዳት ጀመረ። ሽማግሌው እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙትና ወደ አናጢው ዞረው፣ "ፊቱን ቀጭን አድርገህ ላገው፤ ይኼን ልጅ አትስማው" አሉት።